አፈር ስሆን

ሦስት ወር ሙሉ ባልዲው ከፍሪጁ ጎን ተቀመጠ፣
ፓምፑ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ውኃውን እያላመጠ።
ከላይ አራት የቃሪያ ችግኝ፣ በስፖንጅ አንገታቸው ታንቆ፣
ከታች ሥራቸው እንደ ጥጥ ፈትል፣ ጭቃ ሳያውቅ ነጥቶ ደምቆ።
ሆዳያ የልጅ ልጄ፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ፣
በማስመሪያ ቅጠል ለኪ፣ በጠብታ ምግብ ቀማሪ።

ሰኔ ተጋመሰ፤ ፓምፑ የትምህርት ቤቱ ነው፣ ይመለስ ተባለ።
«ታዲያ እነዚህስ?» ብላ አየችኝ።
«መሬት አለ» አልኩ እንዳዋቂ፣ «መሬት እያለ!»

እንዳዋቂ አልኩ እንጂ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ጠርሙስ ሲደረድር የኖረ እጅ
ከወገራ ወዲህ አፈር አልጨበጠም፤
ረስቶት ይሁን አይሁን ጠይቄው አላውቅም።

ከፎቃችን ሥር ያለው የኦፋኪም አፈር ደግሞ
ዋልካ አይደል፣ ቦረቦር አይደል፣ ስም አላወጣሁለትም ቀድሞ፤
ቢጫ ነው፣ እንደ በሶ የላመ፣ እፍ ሲሉት የሚበን፣
ዝናብ ከመታው ወዲያ ግን እንደ ሸክላ የሚሆን።

ሆዳያ አላመነችውም። ኮኮ ገዛች፣
ጡብ የምታህል፣ ከኮኮናት ልጣጭ የተጨመቀች፤
ውኃ ሲፈስባት አበጠች፣ አበጠች፣ ሣፋውን ሞላች።
«ጨው አለበት» ብላ ልጅቱ ሦስቴ አጠበች።
ተካፈልን፦ ሁለቱ ለአፈሬ፣ ሁለቱ ለኮኮዋ።

ሰንበት እስኪወጣ ጠበቅን። ሦስት ኮከብ ሲታይ፣
ባልዲውን ይዤ ወረድኩ፣ እሷ በስልኳ መንገድ ስታሳይ።
ከስፖንጁ ሳንለይ፣ ሥሩን ሳንቆርጥ ሳንጎትት፣
እንደ ሕፃን ጠጉር በጣት በትነን አስተኛነው በሌሊት።

ውኃ ያሳደገው ሥር፣ ለካ፣ ፍለጋ አያውቅም፤
አፉ ድረስ የመጣለትን እንጂ ሄዶ አይለቅምም።
በነጋታው ጎንበስ፣ በሠለስቱ ጥውልግ አሉ፣
በፍሪጅ ካርቶን ጥላ ሥር ተኮማትረው ዋሉ።
«አጠጣ» ትላለች ደብተሯን ገልጣ፣ «ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ።»
«ይጠማው» እላለሁ፤ «ጥም ነው ሥር የሚያስኬድ» ብሎ
የነገረኝ አባቴ ነው።
አባቴ ግን የሚያውቀው ከአፈር የበቀለ ዘር ነው።
አንደኛው ቃሪያ በአራተኛው ቀን ደረቀ። የእኔው ነው።

ለሁለተኛው ተንበረከክሁ፣ ጎረቤት ይየኝ አይየኝ፤
«አፈር ስሆን» አልኩት፣ «በሞቴ፣ አንድ ጊዜ ጉረስልኝ።»
ሆዳያ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል። አማርኛዋ
ግማሹ ዕብራይስጥ ነው፣ የእኔ ዕብራይስጥ እንደ አማርኛዋ።
«ሳባ፣ ለምን አፈር ትሆናለህ?»
ምን ልበላት? እንግዳ ጠገብኩ ሲል፣ ልጅ አልበላም ሲለን፣
አፈር እንሆናለን፣ አንድ ጉርሻ እንዲያነሣልን።
አሰበች። «ለእሱማ» አለች፣ «እውነትም አፈር ነው የሚበላው።»

ማታ ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የጠላሁት ፓምፕ ሄዶ፣
ቤቱ ጆሮ ሆኗል፣ ከፍሪጁ ጎን ያለው ቦታ ባዶ።
ዝም በል ስለው ከርሜ፣ ለካ ለምጄዋለሁ፤
በጨለማ ተነሥቼ ችግኝ ልጠብቅ እወርዳለሁ።

የእሷ ሁለቱ በሳምንቱ ቀና አሉ። ጻፈች፣ ቀኑን ከነሰዓቱ።
የእኔው አንዱ ቅጠሉን አራገፈ፣ እንደ ክብሪት ቀረ ራቁቱን።
በጥፍሬ ፍቄ አየሁት፤ ከቆዳው ሥር አረንጓዴ ነው።

አንድ ማታ ራቴን ገፋሁ። መድኃኒቱ መሰል ምግብ ያስጠላኛል።
ማንኪያውን አነሣች፦ «ሳባ፣ አፈር ስሆን»፤
ቃሉ ምላሷ ላይ እንደ አዲስ ተከል ዘመም ብሏል።
ሰውነቴ ተሸማቀቀ። «ተይ» አልኳት፣ «አንቺ አትበዪው።
የአፈሩን ተራ ለእኔ ተዪው።»
እና ጎረስኩ። ምን አደርጋለሁ?

ጠዋት ካርቶኑን አነሣን። ከራቁቱ ግንድ ጎን
የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ነገር፣ ትሁን አትሁን፣
አሸዋ ትሁን፣ እምቡጥ ትሁን።
«ቅጠል ነው?»
«እንጃ» አልኳት።
ማስመሪያዋን ልታመጣ ደረጃውን ሮጠች።